ለሥነ ልቦና ጥናት ተሳታፊ ሲሆኑ፦ ከስድስት ኪሎ በር እስከ ክፍያ ፊርማ

መጀመሪያ ገንዘቡን እናንሳ። ሁሉም ሊያውቀው የሚፈልገው፣ ማንም ደፍሮ የማይጠይቀው እሱን ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ጥናት ላይ በመሳተፍ የሚገኘው ገንዘብ ደመወዝ አይደለም፤ ኑሮም አይደጉምም። አብዛኛውን ጊዜ የታክሲና የምሳ ወጪ ተሰልቶ ለጠፋው ጊዜ ትንሽ ይታከልበታል። አንዳንዱ በጥሬ ገንዘብ፣ አንዳንዱ በቴሌብር፣ አንዳንዱም በሞባይል ካርድ ይሰጣል። ብዙ የማስተርስ ተማሪዎች ደግሞ ጥናታቸውን በራሳቸው ኪስ ስለሚሠሩ ከምስጋናና ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ሌላ የሚሰጡት የላቸውም። ክፍያ የሚጠበቀው በምርምር ድጎማ ከሚካሄዱት፣ በተለይም ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር ከሚሠሩት ነው።

ይህን የምለው ላስቀራችሁ አይደለም። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ተሳታፊ ሆኛለሁ፤ በኋላም መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጫለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁት ጠንቅ አንድ ነው፤ ይሉኝታ። ሰው ስለ ክፍያው መጠየቅ ያፍራል፤ ያልገባውን ገብቶኛል ይላል፤ መልሱን አጥኚው ይወደዋል ብሎ በገመተው ልክ ይሰፋል፤ ተነሥቶ መሄድ ሲፈልግ ይቀመጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይሉኝታን በር ላይ አስቀምጦ ለመግባት ነው።

ጥናቱን ማግኘት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦናን የሚያስተምረው በስድስት ኪሎው ዋና ግቢ ነው። የአእምሮ ጤናን የሚመለከቱ ጥናቶች ግን ብዙዎቹ የሚነሡት ከጥቁር አንበሳ፣ ከሳይካትሪ ትምህርት ክፍል ነው። ስለዚህ ፍለጋው ሁለት አቅጣጫ አለው። ስድስት ኪሎ ላይ ስለ ትምህርት ውጥረት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም የሚጠይቁ ይበዛሉ፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ሲወረድ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ሱስና የአስታማሚዎች ድካም ይመጣል።

የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን አትናቁ። በቤተ መጻሕፍት መግቢያና በትምህርት ክፍሎች ኮሪደር፣ በኪራይ ቤትና በጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያዎች መካከል ተሸጉጦ «ተሳታፊዎች ይፈለጋሉ» የሚል ወረቀት ይገኛል። ቀጥሎ የቴሌግራም ቡድኖች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው ነው፤ አንዱ ተሳታፊ ሌላውን፣ ሌላውም ጎረቤቱን እየጠቆመ ነው ቁጥሩ የሚሞላው። የሥነ ልቦና ተማሪ የሆነ ዘመድ ወይም የሠፈር ልጅ ካላችሁ «መጠይቅ የሚበትን ሰው ካለ ንገረኝ» ማለት ይበቃል።

ወቅትም አለው። የማስተርስ ተማሪዎች በግንቦትና በሰኔ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማቅረብ ስለሚጣደፉ፣ የትምህርት ዘመኑ ካልተዛባ፣ መጠይቅ የሚበተነው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በክረምት ግቢው ጭር ሲል ሰሌዳውም አብሮ ጭር ይላል።

ዕድሜያችሁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ከእናንተ ስምምነት በተጨማሪ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠየቃል። ሌላው ልብ ልትሉት የሚገባ ጉዳይ፣ ጥናቱን የሚሠራው የራሳችሁ መምህር ሲሆን ነው። ውጤታችሁን በእጁ የያዘ ሰው «ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ» ሲል ያ ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለም። ደግ መምህር ይህን ያውቃልና ሌላ ሰው ልኮ ያስጠይቃል። ካላደረገው፣ «ለኮርሱ ውጤት ለውጥ ያመጣል ወይ?» ብሎ በጨዋነት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሐሰተኛውን መለየት

ደንቡ አጭር ነው፤ ተሳታፊ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። «ለምዝገባ»፣ «ለፎርም»፣ «ለዋስትና» ብሎ አንድ ብር እንኳ የሚጠይቅ ጥናት የለም። የቴሌብር የይለፍ ቃላችሁን ወይም በስልካችሁ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅም ተመራማሪ አይደለም። ብሩን በቴሌብር ለመላክ የሚያስፈልገው ስልክ ቁጥራችሁ ብቻ ነው።

እውነተኛ አጥኚ በእጁ ሁለት ወረቀት ይኖረዋል፤ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ። አንደኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር፣ የወጪ ቁጥርና ክብ ማኅተም ያለበት፣ ግለሰቡ የዚያ ትምህርት ክፍል ተማሪ ወይም መምህር መሆኑን ገልጾ ትብብር እንዲደረግለት የሚጠይቅ ወረቀት ነው። ይህ የሚናገረው ስለ ሰውየው ማንነት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የተሰጠ ፈቃድ ነው። እሱ ደግሞ ጥናቱ ራሱ ተመርምሮ ተሳታፊን እንደማይጎዳ መታመኑን ይናገራል። እኛ ማኅተም ስናይ ልባችን ስለሚያርፍ በመጀመሪያው ብቻ እንረካለን። ጥያቄው ስለ ሕመም፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ሱስ ወይም ስለ ወሲብ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ሳታዩ አትቀመጡ።

ኮሚቴው እንዲሁ የመጣ ቢሮክራሲ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በቂጥኝ የተያዙ 399 ጥቁር ወንዶች ሕመማቸው ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ የበሽታው አካሄድ ሲጠና ኖሯል። ሰዎቹ በምን እንደተሳቡ ስታነቡ ታዝናላችሁ፤ ነጻ ምርመራ፣ ነጻ ምሳና የቀብር ወጪ። ለድሃ ሰው የቀብር ወጪ ምን ማለት እንደሆነ እድር ላለው ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ የገምጋሚ ኮሚቴ አባላት የክፍያውን መጠን አንሥተው የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክፍያው እጅግ ሲበዛ ሰው አደጋውን ሳያይ ይፈርማል። ስለዚህ ክፍያው ትንሽ መሆኑ ሁልጊዜ ንፉግነት አይደለም። (አንዳንዴ ግን ንፉግነት ነው።)

ስልክ ስትደውሉ

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጻፉ፤ በስልክ ላይ ይሉኝታ ይበረታልና። ስንት ሰዓት ይወስዳል? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ተመልሼ እመጣለሁ? ድምፅ ወይም ምስል ይቀረጻል? ክፍያው ስንት ነው፣ በምን መንገድ ነው፣ የሚሰጠውስ የዚያኑ ቀን ነው ወይ? መሐል ላይ ባቋርጥ ይሰጠኛል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትጠይቁ በወዲያኛው ጫፍ ዝምታ ከሰማችሁ አጥኚው አላሰበበትም ማለት ነው፤ እናንተ ናችሁ ያሳሰባችሁት። ስለ ገንዘብ መጠየቅ የከበዳችሁ እንደሆነ እኔ የምለውን ላውሳችሁ፦ «ቀኑን ለማመቻቸት እንዲረዳኝ የጊዜውንና የትራንስፖርቱን ሁኔታ ቢነግሩኝ።» ይህን ሰምቶ የሚቀየም አላጋጠመኝም።

የሰዓት ነገር። በፕሮጀክቱ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ካለ «በ9 ሰዓት» ማለት ሁለት ትርጉም አለው። አንድ ጊዜ ለጠዋት 3 ሰዓት የተያዘልኝን ቀጠሮ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ነው ብዬ ሄጄ ባዶ ክፍል ጠብቆኛል። ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ፣ ደግማችሁ አረጋግጡ። ቀኑንም እንዲሁ፤ በጽሑፍ መልእክት የመጣ «12/5» ጥር 12 ይሁን በፈረንጅ ሜይ 12 ወይም ሌላ ቀን፣ የላከው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

በቀጠሮው ቀን

ወደ ስድስት ኪሎ ከፒያሳም ከአራት ኪሎም በታክሲ ይደረሳል፤ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄዱት ታክሲዎች በዚያው ያልፋሉ። ባቡሩ ወደዚያ አይወጣም። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጋ ስትወርዱ ግቢው ከፊታችሁ ነው። መታወቂያ አትርሱ፤ ጥበቃዎች ይፈትሻሉ፣ ለምን እንደመጣችሁም ይጠይቃሉ፤ ላፕቶፕ ከያዛችሁ ሊያስመዘግቧችሁ ይችላሉ። «ለጥናት ተጠርቼ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ የአጥኚውን ስም፣ ስልክና የሕንጻውን ስም ይዛችሁ ሂዱ። ከቀጠሮው 20 ደቂቃ አስቀድማችሁ ብትደርሱ ለበሩም ለደረጃውም ይበቃል። ጊዜ ከተረፋችሁ ግቢው ራሱ መታየት የሚገባው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ከተጀመረ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል።

ዝግጅቱ እንደ ጥናቱ ዓይነት ይለያያል። ለመጠይቅ ብቻ ከሆነ መነጽራችሁን መያዝ በቂ ነው። የትኩረትና የማስታወስ ፈተና ካለ ሌሊቱን ተኙ፤ ቡናችሁንም እንደ ልማዳችሁ ጠጡ። «ለፈተናው እንዲረዳኝ» ብሎ ሁለት ስኒ መጨመርም ሆነ ከልማድ ውጭ መተው ውጤቱን ያዛባዋል። የውጥረት ሆርሞንን ለመለካት ምራቅ የሚወሰድ ከሆነ ከመወሰዱ በፊት መብላት፣ መጠጣትና ጥርስ መቦረሽ ይከለከላል፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ጠይቁ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካ ኮፍያ ጭንቅላታችሁ ላይ ይደረጋል ከተባላችሁ ደግሞ በዚያ ሰሞን ቅቤም ቅባትም አትቀቡ፤ መለኪያዎቹ የራስ ቅል ቆዳ መንካት አለባቸው። የተሠራች ሹሩባ ያላት ሴት ይህን በስልክ አስቀድማ ብትናገር በጠዋት ተነሥታ መጥታ ከመመለስ ትድናለች።

በጾም ወቅት ከሆነም ተናገሩ። ወተት ያለበት ብስኩት ወይም ቸኮሌት ለተሳታፊ የሚሰጥባቸው ሙከራዎች አሉ፤ እናንተ በትሕትና «አይ፣ ይቅርብኝ» ስትሉ አጥኚው «ራሱን መግዛት የሚችል» ብሎ እንዳይመዘግባችሁ።

የስምምነት ቅጹ

እዚህ ላይ እንቆይ፤ የጥናቱ ልብ እዚህ ነውና።

በእኛ አገር ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም። ለቤት ውል፣ ለዋስትና፣ ለፍርድ ቤት የሚደረግ ነገር ነው። ስለዚህ ገና ቅጹ ሲዘረጋ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል፤ አንዱ «ፈርሜ ከማን ጋር ልጣላ?» ብሎ ይሸሻል፤ ሌላው ላለማስከፋት ሳያነብ ይፈርማል። ሁለቱም ወረቀቱን ተሳስተውበታል። ይህ ቅጽ እናንተን የሚያስር ውል አይደለም። የሚያስረው አጥኚውን ነው፤ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግ፣ ምን እንደሚከፍል ያስጽፈዋል። እናንተ ግን ከፈረማችሁ በኋላም ተነሥታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። መፈረም የከበደው ሰው ስምምነቱን በቃል እንዲሰጥ የሚፈቅዱ ጥናቶችም አሉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ምስክር ባለበት ቅጹ ተነቦለት በጣት አሻራ ይስማማል።

ስታነቡ የሚከተሉትን ፈልጉ፦ ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደምታደርጉ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ክፍያው፣ ምስጢራችሁ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ማቋረጥ እንደምትችሉ፣ ቅሬታ ካላችሁ ለማን እንደምትደውሉ። የመጨረሻው ላይ የአጥኚው ስልክ ብቻ ከተጻፈ ጎደሎ ነው፤ በአጥኚው ላይ ያላችሁን ቅሬታ ለራሱ ለአጥኚው አታቀርቡም። የኮሚቴው ወይም የትምህርት ክፍሉ አድራሻ መኖር አለበት። «ጉዳት፦ የለም» የሚል ቅጽ ካያችሁም ጠይቁ። የሞተ ልጁን የሚያስታውስ ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው ምንም አይሆንም ማለት አይቻልም።

ምስጢር ላይ ጠንከር በሉ። «ስምዎ አይጻፍም» ማለት ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ግን ድምፅ ከተቀረጸ፣ ቅጂውን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ማን ነው? ከተማችን ትልቅ ብትመስልም የሰው ድምፅ በሰው ይታወቃል። የስምና የቁጥር ማመሳከሪያው ዝርዝር ከመልሶቹ ተለይቶ ይቀመጣል ወይ? ቅጂውስ መቼ ይሰረዛል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያረጋገጠ ሲሆን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ ጥያቄ የሕግ ጥያቄም ሆኗል። መታወቂያችሁን ወይም የፋይዳ ካርዳችሁን በስልኩ ፎቶ ሊያነሣ የሚፈልግ ካለ ምክንያቱን ያስረዳ፤ መጠይቅ ለመሙላት የካርዱ ፎቶ አያስፈልግም።

ምስጢር ወሰን እንዳለውም እወቁ። ራስን የማጥፋት አደጋ ወይም በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃት ከተነገረ አጥኚው ዝም ብሎ ላያልፍ ይችላል። ጨዋ አጥኚ ይህንን ከመጀመሪያው ይናገራል።

ጥያቄዎቹን መመለስ

አብዛኛው ጥናት መጠይቅ ነው፤ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጭራሽ አልስማማም» ድረስ አምስት ሳጥን፣ ገጽ ከገጽ። ቀላል ይመስላል። እሾሁ ያለው በአማርኛው ውስጥ ነው። መጠይቆቹ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ናቸው፤ «ብቸኝነት አይሰማኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ፊት «አልስማማም» የሚለውን ምልክት ስታደርጉ ምን አላችሁ? ብቸኝነት ይሰማኛል ማለታችሁ ነው። ሲደክማችሁ በግልባጩ ትመልሳላችሁ። «አይ» እና «አል» የሚሉት በተደራረቡበት ሁሉ ቆማችሁ በልባችሁ በቀና ዓረፍተ ነገር ገልብጡት፤ ከዚያ ምልክት አድርጉ። ቃሉ ካልገባችሁ ጠይቁ። አንድ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ተመልሶ ቢመጣም ሊያጠምዷችሁ ነው ብላችሁ አትናደዱ፤ መልሱ ጽኑ መሆኑን ለማየት ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። «ለዚህ ጥያቄ ሁለተኛውን ሳጥን ይምረጡ» የሚል ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ካገኛችሁም ስሕተት አይደለም፤ እያነበባችሁ መሆኑን የሚፈትን ነው።

መረጃ ሰብሳቢ ሳለሁ ቀበና አካባቢ አንዲት እናት ገጠሙኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ 20 «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚመለሱ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነበር የያዝኩት። «እማማ፣ ራስዎን ያምዎታል?» «ተመስገን ልጄ።» «እንቅልፍ ይነሣዎታል?» «ተመስገን፣ ምን እላለሁ።» «የምግብ ፍላጎትዎስ?» «የሰጠኝን እበላለሁ፤ ተመስገን።» ሃያውም እንዲህ አለቀ፤ ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ሰው ሆኑ። ወረቀቱን አጥፌ ቡናው ሲቀርብ ነው ሌሊት ሌሊት ተነሥተው እንደሚቀመጡ፣ ልጃቸው ከሄደ ወዲህ እህል እንደማይቀምሱ የነገሩኝ። እኔ ግን መጠይቁን ዘግቼዋለሁ።

ምስጋና ለፈጣሪ ነው፤ መጠይቁ የሚጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው። ሁለቱን ለያይታችሁ መልሱ። በግልባጩም አታጋኑ፤ ብዙ ችግር የነገረ ብዙ አይከፈለውም፣ ድርጅት መጥቶም አይረዳውም። ከመረጃ ሰብሳቢው ጀርባ እርዳታ የሚሰጥ አካል አለ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በከተማችን ብዙ ነው፤ ያለ እንደሆነ ቅጹ ላይ ይጻፋል።

የኮምፒውተር ፈተናዎችም አሉ። «ቀይ» የሚል ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ይመጣና ቃሉን ሳይሆን ቀለሙን ጥሩ ይሏችኋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ስትሩፕ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት የታወቀ ሙከራ ነው፤ ማንበብ የለመደ አእምሮ ቃሉን ማንበቡን መተው ስለማይችል ሁሉም ሰው ይዘገያል። ስለዚህ ስትሳሳቱ አትሸማቀቁ። የሚለካው ብልህነታችሁ አይደለም።

ከባዱ ጥያቄ

በድብርት ጥናቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ባለ 9 ጥያቄ መለኪያ አለ። «ባለፉት 2 ሳምንታት» ብሎ ይጀምርና እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል። ዘጠነኛው፣ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ማሰብን ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብን ይጠይቃል። በዚህ ጥያቄ ላይ ይሉኝታ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ሃይማኖትም አለ። እውነቱ «አዎ» ከሆነ «አዎ» በሉ። በደንብ የታሰበበት ጥናት ከሆነ መረጃ ሰብሳቢው እዚያው ቆሞ የሚያደርገው ነገር አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ከባለሙያ ጋር ያገናኛችኋል፣ ወይም ወደ ጤና ተቋም ይመራችኋል። ምልክት አድርጋችሁ ሳለ ገጹን ገልብጦ ዝም ካለ እናንተ አንሡት። በጥቁር አንበሳም በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ለመታየት የጥናት ተሳታፊ መሆን አያስፈልግም። የመለኪያው ድምር ደግሞ ምርመራ አይደለም፤ «15 አምጥቻለሁ» ብላችሁ መድኃኒት ፍለጋ አትውጡ።

ማቋረጥ

እ.ኤ.አ. በ1961 የየል ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ሚልግራም ሰዎችን በጋዜጣ ማስታወቂያ ጠርቶ 4 ዶላርና ለትራንስፖርት 50 ሳንቲም ከፈላቸው። ገንዘቡ ለመምጣታቸው ብቻ የተሰጠ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቢሆን የእነሱ እንደሆነ ገና ሲገቡ ተነግሯቸዋል። ከዚያ በሌላ ክፍል ያለ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲነዝሩት ታዘዙ። ንዝረቱ ውሸት ነበር፤ እነሱ ግን እውነት መስሏቸዋል። መጀመሪያ በታተመው ሙከራ ከ40 ሰዎች 26ቱ እያላባቸው፣ እየተንቀጠቀጡ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄዱ። ገንዘቡ በኪሳቸው ነው፤ በሩ አልተቆለፈም። የያዛቸው ጋዋን ለብሶ «እባክዎ ይቀጥሉ» የሚለውን ሰው እምቢ ማለት አለመቻላቸው ነው። እኔ ይህን ሳነብ አሜሪካኖችም ይሉኝታ አላቸው ማለት ነው ብዬ ነበር።

ዛሬ ያንን የመሰለ ሙከራ ኮሚቴ አያሳልፈውም። እውነተኛ ዓላማው ለጊዜው የሚደበቅበት ጥናት ግን አሁንም አለ፤ ሲያበቃ ግን እውነቱ ሊነገራችሁ፣ ካልወደዳችሁትም መልሳችሁ ከጥናቱ ሊወጣላችሁ ይገባል። ማቋረጥ ስትፈልጉ ደግሞ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ስልክ መጣልኝ፣ ልጅ ታሞብኛል እያላችሁ አትዋሹ፤ «እዚህ ላይ ይበቃኛል» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ከሆነ የከበዳችሁ «ይህን ልለፈው» በሉና ቀጥሉ። በቡድን ውይይት ላይ ከሆናችሁ አወያዩ ምስጢር እንደሚጠብቅ ቃል ሊገባ ይችላል፤ አጠገባችሁ ስለተቀመጠው የሠፈራችሁ ሰው ግን ማንም ቃል ሊገባ አይችልም። በዚያ መድረክ ላይ የራሳችሁን ጉድ ሳይሆን በአካባቢው የሚታየውን ተናገሩ።

ክፍያውን መቀበል

ሲያልቅ የክፍያ ዝርዝር ይቀርብላችኋል፤ ስም፣ ስልክ፣ መጠን፣ ፊርማ። አጥኚው ለድጎማ ሰጪው ሒሳብ ማወራረድ ስላለበት ይህ የተለመደ ነው። ይህ ዝርዝር ከመልስ ወረቀታችሁ ጋር በአንድ ስቴፕል ከተያያዘ ግን ቁጥር ሰጥተን ስማችሁን ደብቀናል ያሉት ሁሉ ከንቱ ሆነ፤ «ለያይልኝ» በሉ።

መጠኑ ባልተጻፈበት ሳጥን ፊት አትፈርሙ። አንድ ጊዜ፣ የማልጠቅሰው አንድ የጥናት ቡድን፣ መጠኑ በእርሳስ በተጻፈበት ዝርዝር ላይ በእስክሪብቶ አስፈርሞን ነበር። ሁላችንም አየነው፤ ሁላችንም ፈረምን። ደረጃውን ስንወርድ ነው እርስ በርስ የተያየነው። ያን ቀን ከመካከላችን አንዱ «ወንድሜ፣ በእስክሪብቶ ጻፈውና ልፈርም» ቢል ኖሮ ምንም ጠብ አይነሣም ነበር።

«በቴሌብር እንልካለን» ከተባለ ቀኑን ጠይቁ፤ የተመደበላችሁን የተሳታፊ ቁጥርም በስልካችሁ ያዙት፤ በኋላ ለመጠየቅም ሆነ መልሳችሁን ለማስወጣት ስማችሁ ሳይሆን ቁጥሩ ነው የሚያገለግለው። በቀኑ ካልገባ አንድ ጊዜ ለአጥኚው፣ ካልመለሰ ለአማካሪ መምህሩ ወይም ቅጹ ላይ ላለው አድራሻ ደውሉ። ብሩ ትንሽ ስለሆነ መተው ይቀናል። ገንዘቡ በወረቀት ላይ ለእናንተ ተከፍሏል ተብሎ የሚወራረድ ከሆነ ግን ትንሽነቱ አያስተወውም።

ከመሄዳችሁ በፊት ውጤቱ ሲያልቅ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ስለሚቀመጡ ርእሱን ከያዛችሁ ራሳችሁም ልትፈልጉት ትችላላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን እንዲያ ነው ያገኘሁት። ከቃለ መጠይቁ የተወሰደ የራሴ ንግግር «ተሳታፊ 7» በሚል ርእስ ሥር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ለጠያቂው ልጅ የነገርኩት አመሻሽ ላይ ወደ ኪራይ ቤቴ ስመለስ ሆዴን ባር ባር እንደሚለኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው «አዝናለሁ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ቃለ መጠይቅ በሰጠሁ ቁጥር፣ የድምፅ መቅረጫውን ከማጥፋታቸው በፊት እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት እንደሚተረጉሙት እጠይቃለሁ።